ሞተሩ አይወርድም

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ሞተሩ አልወረደም። መካኒኩ ይወርዳል ብሎ ነበር፣ ባሌ ይወርዳል ብሎ ነበር፣ ሞተርና ማርሽ የማይለዩ የእድራችን ሰዎች ሳይቀሩ ለቅሶ ቤት አግኝተውኝ በሐዘኔታ «ወረደ እንዴ?» እያሉ ጠይቀውኛል። አልወረደም። እዚያው ቦታው ላይ ነው። ማየት የሚፈልግ ይምጣና ኮፈኑን ከፍቼ አሳየዋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማርቆስ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አማኑኤል፣ ደምበጫ ወይም ይጁቤ ሄዳችሁ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ የለበሰ ተማሪ ካያችሁ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የቀደደው ኳስ ነው እንጂ ስፌቱ አይደለም፤ ይኼም እግረ መንገዴን ይታወቅልኝ። ያን ሁሉ ልብስ በአውቶቡስ ጣራ ላይ እያስጫንኩ፣ ዝናብ እየመታብኝ፣ ነጭ ሸሚዝ የሰደድኩት ቡናማ ሆኖ እየደረሰ ስንት ዓመት ከኖርኩ በኋላ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ገዛሁ። ዕድሜዋ ከትዳሬ ይበልጣል። ጠባይዋም ከትዳሬ ይሻል ነበር፤ እስከዚያ መስከረም ድረስ።

በመስከረም ምን እንደገባባት እንጃ። ጠዋት ደህና ትነሳለች። ትንሽ ሄዳ ዳገት ስትጀምር ግን ትንተባተባለች፤ ያላጠናውን ጥያቄ እንደተጠየቀ ተማሪ። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሥራውን እየዘለለ ሦስቱ ተሸክመውት ይሄዳሉ ማለት ነው። መካኒኮች «ሚስ ታደርጋለች» ይሉታል። የሚያናድደው ሚስ ማድረጓ አይደለም። የሚያናድደው ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ግድም ሲሆን፣ ምንም እንዳልሆነች ሆና መሮጧ ነው።

ጌጡ የሚባል መካኒክ ጋ ሦስት ጊዜ ወሰድኳት። ሦስቱንም ጊዜ እሱ ፊት ስትቀርብ አንገቷን ሰበረች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ክፉ ነገር ከአፏ አልወጣም። «ጠዋት ብታያት እኮ!» እለዋለሁ። ጠዋት እሱ አይከፍትም። በሦስተኛው ጊዜ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ፍርዱን ሰጠ።

«ሞተሩ ይወርዳል።»

«ምን ሆኖ?»

«ሲወርድ ይታያል።»

«ሳይወርድ አይታይም?»

«ሳይወርድማ በምን ይታያል?»

እስቲ ፍረዱኝ። አንድ ደንበኛ «እጅጌው ጠበበኝ» ብሎ ቢመጣ፣ እኔ ሙሉ ኮቱን ካልተረተርኩት የጠበበበትን አላውቅም ብለው ምን ይለኛል? መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ያቺ ከዳተኛ መኪና ሳትንተባተብ ከግቢው ወጣች።

ይኼ ሁሉ ችላ ሊባል ይችል ነበር፤ የወንድሜ ጉዳይ ባይመጣ። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል አማኑኤል የምታስተምር ውብአንቺ የምትባል ልጅ ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ የቀሩት አባቷ አቶ ፈንታሁን ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ በደንቡ ካልተላከባቸው በቀር ልጅ አለችኝ ብለው እንኳ የማያምኑ ሰው ናቸው። ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። አንደኛው መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ነገር በሁለት ትርጉም ካልሆነ ውኃ እንኳ የማይለምኑ። ሁለተኛው የእናታችን አጎት አያ ደሳለኝ፣ ከመኪና ይልቅ በቅሎ የሚያምኑ። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሲሆኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ስላልተነፈሱ ስማቸውን ባልጽፍ አይቀየሙኝም። እሑድ መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ስላሉ ቅዳሜ ማለዳ ተቆረጠ። መኪናዋ የእኔ፣ ወንድሙ የእኔ፤ ሹፌሯም እኔ ሆንኩ።

ገና ከከተማው ወጥተን አንድ ዳገት ስንይዝ ጀመራት። በተንተባተበች ቁጥር የሦስቱም ሽማግሌዎች ራስ ባንድ ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል። ልጅቷ ሳትጠየቅ እነሱ እሺ፣ እሺ የሚሉ ይመስሉ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ሆነችብሽ?» አሉ መሪጌታ ጥምጣማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ትንሽ ብርድ መቷት ነው፣ መሪጌታ። አሁን ይለቃታል።»

«እንግዲህ መሪው ያለው አንቺ ጋ ነው፤ እኔ ጋ የቀረው ጌታው ብቻ ነው። እሱ ያድርሰን።»

አደረሰን። ግን የአቶ ፈንታሁን በር ላይ ማርሽ ስቀንስ፣ በየዳገቱ ሳይነድ የተጠራቀመው ቤንዚን ሁሉ በጭስ ማውጫዋ በኩል ባንድ ጊዜ «ጧ!» ብሎ ወጣ። ውሾች ጮኹ። አንድ በሬ ገመዱን በጠሰ። አያ ደሳለኝ ከመቀመጫው ሥር ገቡና ለማውጣት ሁለት ሰው አስፈለገ። አቶ ፈንታሁን ግማሽ ፊታቸው ሳሙና እንደሆነ ዱላ ይዘው ብቅ አሉ።

«ልጄን ልትጠይቁ ነው ወይስ ልትማርኩ?» አሉ።

ነገሩ በዚህ ዓይነት ተጀመረ። ቤት ገባን፤ ሽማግሌዎቹ ከፍ ብለው ተቀመጡ፣ እኔ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። መሪጌታ የሚያምር ነገር ተናገሩ፤ ግን ንግግራቸው መሃል ላይ ገመዱን የበጠሰውን በሬ የሚያሳድዱ ሰዎች ድምፅ ስለሚገባበት ወርቁ ብዙም አልተሰማም። አቶ ፈንታሁን ሰምተው ሲያበቁ «ዘመድ ላማክር። በሳምንቱ ቅዳሜ ኑ» አሉ። እስከዚህ ድረስ ደንቡ ነው። ከዚያ ግን ወደ እኔ ዞር ብለው «በሳምንቱ እንኳ ደህና መኪና ፈልጉ። ወንድ ሹፌርም አይጠፋም መቼም» ሲሉ ጨመሩ።

ሽማግሌ ባለበት ሹፌር አይናገርም። አውቃለሁ። ምላሴ ግን አያውቅም።

«በሳምንቱ በዚህችው መኪና እንመጣለን፣ ጋሼ» አልኩ። «ሹፌሯም እኔው ነኝ።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስንመለስ ደግሞ ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር መኪናዋ አንዴ እንኳ ሳትስት እየዘፈነች ማርቆስ ገባች። መንገድ ላይ ጥዬያት ብሄድ ደስ ባለኝ።

ወንድሜ ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «እታለም፣ ልትድሪኝ ነው ወይስ ገና ሳላገባ ልታፋቺኝ?»

ባሌ ዳኛቸው የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ ነገሩን በእርጋታ ሊፈታው ሞከረ። «ሚኒባስ እንኮናተር። ያንቺዋን ጌጡ ያውርድልሽ።»

«እኔው እሠራታለሁ።»

«ስለ መኪና ጥገና ምን ታውቂያለሽ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ መኪና ስጠግን ኖሬ!»

«ያ የልብስ ስፌት መኪና ነው እኮ!»

«ታዲያ መኪና አይደለም?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የስፌት መኪና አንዳንድ ቀን ስፌት ይዘላል። ሦስት ይወጋና አንዱን ያልፋል። ያኔ ብረቱን አልበታትንም። መጀመሪያ መርፌውን እቀይራለሁ። ካልተሻለው ክሩን አያለሁ። ካልሆነ ሌላውን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፤ ሁለት ነገር ባንዴ የነካ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ሚስ የምታደርግ መኪናም ስፌት የምትዘል መኪና ናት። መርፌዋ ካንዴላ ነው፤ በየሲሊንደሩ አንድ አንድ ሆኖ እሳት የሚሰጠው። ስለዚህ ሰኞ አራት አዲስ ካንዴላ ይዤ ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈትኩ።

አሁን የማወራውን ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። በየካንዴላው ራስ ላይ እሳቱን የሚያመጣለት ወፍራም ጥቁር ገመድ አለ። አራት ናቸው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብዬ የማስተምረው እኔ፣ አራቱንም ገመዶች ባንዴ ነቅዬ እንደ ሽንኩርት ጎንጉኜ አስቀመጥኳቸው። ካንዴላዎቹን በአዲሶቹ ቀየርኩ፣ አጠበቅኩ፣ እጄን ጠረግኩና ወደ ገመዶቹ ዞርኩ። የትኛው የየትኛው ነበር?

በግምት ሰካሁና ቁልፉን አዞርኩ። «ጧ! ጧ!» ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ማን ዳረ ብለው ነው። ቀያየርኩና እንደገና ሞከርኩ። «ጧ!»

ዳኛቸው የተማሪ ፈተና ያርም ከነበረበት ብቅ ብሎ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «አራት ገመድ በአራት ቦታ፣ ሃያ አራት ዓይነት አሰካክ ይኖረዋል» አለኝ። ለዚህ ጥገና ያደረገው አስተዋጽኦ ይኼው ነው። ተመልሶ ገባ።

በዘጠነኛው ተነሳች። ወዲያው ሱቅ ሮጬ ክር አመጣሁና ለአራቱም ገመዶች ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ነጭ አሰርኩላቸው። ሞተሩ የጥምቀት በቅሎ መሰለ። ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወጣሁባት፣ ወረድኩባት፤ አንዴም አልሳተች። ማታ ለወንድሜ «ልብስህን አስተኩስ» አልኩት።

ማክሰኞ ማለዳ ተንተባተበች።

ስንት ሰው እንደመጣ! አንዱ ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል ይላል፣ አንዱ ማጣሪያው ተደፍኗል ይላል፣ አንዱ ዝም ብሎ ኮፈኑ ሥር አንገቱን አስገብቶ «ሞተር ነው» ይላል፤ እኔ ምጣድ ነው ያልኩ ይመስል። ማጣሪያውን ቀየርኩ። ቤንዚኑን ቀድቼ በብርጭቆ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ረቡዕ ጠዋት ላይ ተስፋዬ ልክ እንደ መኪናዋ በአንድ እግሯ ትሄድ ነበር። ሞተሩን አስነስቼ፣ ረፋድ ስለሆነ አለስልሳ ስትዞር እያየሁ ቆሜ ሳለ ጎረቤቴ እትዬ የሺ የጠበል ጠርሙስ ይዘው ገቡ።

«ልጄ፣ ይኼ የመካኒክ ነገር አይደለም» አሉኝ። «ዓይን ነው። ሰማያዊ መኪና፣ ሴት የምትነዳት፣ በገበያ መሃል! በእንዲህ ያለችው ዓይን ያልገባ በምን ይግባ?»

«እትዬ የሺ፣ የካንዴላ ችግር ነው።»

«ካንዴላውን ቀየርሽ አይደል? ዳነች?»

አማትበው ጠበሉን በእጃቸው እየቀዱ በተከፈተው ሞተር ላይ ረጩት። ወዲያው፣ በእውነት ወዲያው፣ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ አጉረመረመች፣ እንደ ማለዳው መንተባተብ ጀመረች።

«ለፈለፈ!» ብለው ጮኹ እትዬ የሺ። «ይኼው ለፈለፈ! ተናገር! ማን ነህ?»

እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ማለዳ ማርቆስ ውስጥ ምን አለ? ጭጋግ። አራት ሰዓት ላይ ምን የለም? ጭጋግ። ጌጡ ጋራዡን ሲከፍት፣ ፀሐይ ጎማውን ሳይቀር አድርቆት፣ መኪናዋ ምኗን ይመማት? ውኃ ነው! እርጥበት ያገኘ አንድ ቦታ ላይ እሳቷ እያመለጣት ነው!

«እትዬ የሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እስቲ ይድገሙልኝ፤ እዚህ ቢጫው ክር ጋ ብቻ!»

«ጠበል ቦታ አይመረጥበትም!» ብለው ተቆጡና ጠርሙሳቸውን ደፍነው ወጡ። ሰፈሩ ውስጥ መኪናዬ እንደለፈለፈች ለመንገር ቸኩለው ነበር። ደርሰውበታል እንጂ አልተሳሳቱም፤ ያሳየችኝ የእሳቸው ጠርሙስ ናት፤ ይህንን ማንም ቢጠይቀኝ አልክድም።

ሐሙስ ለካውያ ልብስ የማረጥብበትን መርጫ ይዤ መጣሁ። ሞተሩን አስነስቼ አንዱን ገመድ ረጨሁ፤ ምንም። በጨርቅ አደረቅኩና ሌላውን ረጨሁ፤ ምንም። አረንጓዴው ጋ ስደርስ ተንተባተበች። በዓይኔ ካላየሁ ግን አላምንም አልኩ። የሚያፈስ እሳት ጨለማ ውስጥ ይታያል፤ ያኔ ግን ቀትር ነበር። ስለዚህ የዳኛቸውን ጋቢ አመጣሁና እኔም ሞተሩም አንድ ላይ ተከናነብነው።

እዚያ ውስጥ ምን አየሁ መሰላችሁ? ከአረንጓዴው ገመድ ወገብ ላይ፣ ፀጉር ከምታህል ስንጥቅ፣ ሰማያዊ የእሳት ክር ወደ ሞተሩ ብረት ይዘላል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ካንዴላው ጋ መድረስ የነበረበት እሳት መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ደስታዬ ከመጠን አለፈና በጣቴ ጠቆምኩት። አትጠቁሙት። ከጣቴ እስከ ብብቴ ድረስ በቅሎ የረገጠኝ ያህል ተወረወርኩ፤ እኔ ስወረወር የጋቢው ጫፍ ወደ ሞተሩ ማራገቢያ ወረደ፤ ማራገቢያው ደግሞ ያገኘውን አይመልስም። ሞተሩ «ክርርር» ብሎ ቆመ።

ዳኛቸው ሲደርስ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እስቃለሁ፣ ጋቢው ግማሹ ሞተር ውስጥ ነው።

«እናቴ የፈተለችው ጋቢ!» አለ።

«አገኘሁት!» አልኩት።

«እኔም አይቼዋለሁ!» አለኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ከሞተሩ ውስጥ ጥጥ ስለቅም ቆየሁ። ጋቢውን በኋላ ጠቅሜለታለሁ፤ አጠር ብሏል እንጂ ምንም አይልም። ዳኛቸው ግን ብዙ ይላል።

አርብ መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ የተሰነጠቀውን ገመድ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ሻጩ አገላብጦ አየው።

«መካኒክሽ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሳቀ። «ወንድምሽን ላኪው፤ እሱን እናነጋግረው።»

«ወንድሜ ነገ መልስ የሚሰማ ሰው ነው፤ ገመድ አይገዛም። ገመዱን ስጠኝ!»

ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ሳቁን ትቶ አዲስ ገመድ አወረደ። እዚያው በሩ ላይ ኮፈኑን ከፍቼ፣ አንዱን ብቻ ነቅዬ፣ አንዱን ብቻ ሰክቼ፣ በመርጫው ከላይ እስከ ታች አጠብኳት። ንቅንቅ አላለችም።

ቅዳሜ ጭጋጉ የፊት ለፊት ሰው አያሳይም ነበር። እሰየው አልኩ፤ ያለ ጭጋግ ብሄድ ማን ያምነኝ ነበር? አያ ደሳለኝ ግን «እኔ ከዚያ ጠመንጃ ውስጥ ሁለተኛ አልገባም» ብለው መናኸሪያ ሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ። መሪጌታ ከፊት፣ ጸሐፊው ከኋላ ሆነን ተነሳን። የመጀመሪያው ዳገት ላይ መሪጌታ ጥምጣማቸውን ያዙ። ሁለተኛው ላይ በአንድ እጃቸው ያዙ። ሦስተኛው ላይ ለቀቁትና እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ግን ስለ ኩራት አታንሱብኝ፤ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ እንደተተከለ ነበር። ይበልጣል ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብትንተባተብ ከእሱ ዓይን የምሸሸግበት አልነበረኝም።

አልተንተባተበችም። አቶ ፈንታሁን በር ላይ ቆመን አንኳኳን። መፋቂያ በአፋቸው እንደያዙ ወጡና ወዲያ ወዲህ አዩ።

«በምን መጣችሁ?»

«በመኪናዋ» አሉ መሪጌታ።

«አልሰማኋትም!»

«አልተኮሰችም ብለው አይቀየሙን።»

ገብተን ተቀመጥን። አያ ደሳለኝን ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ የሉም። አቶ ፈንታሁን መፋቂያቸውን ጥለው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ቆጠሩ። «የተላካችሁት ሦስት ነበራችሁ፤ የመጣችሁት ሁለት ናችሁ። ለጎደለ ሽማግሌ መልስ አልሰጥም» አሉ።

ያን ሁሉ ሠርቼ፣ ያን ሁሉ ተኮንኜ፣ በአንድ ሽማግሌ መቅረት ባዶ እጃችንን ልንመለስ! መሪጌታ ግን በእርጋታ ወደ እኔ አመለከቱ።

«ሦስተኛዋ ይቻት።»

«ሹፌሯ?»

«የሽማግሌ ሥራው ቃል ማድረስ ነው፣ አቶ ፈንታሁን። እኛን ከነቃላችን ያደረሰችን እሷ ናት።»

አቶ ፈንታሁን አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከጓዳ የባለቤታቸው ድምፅ ቀደማቸው። «ተነሽ ልጄ፣ ከበሩ ተነሽና ከፍ ብለሽ ተቀመጪ!» ተነሳሁ። ከፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ጸሐፊው ምንም ሳይሉ ጠጋ አሉልኝ። አቶ ፈንታሁን ጣራውን አዩ፣ ጓዳውን አዩ፣ እኔን አዩኝና በመጨረሻ «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ጓዳው እልል አለ። እኔ፣ የማልበገረዋ ሴት፣ በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ስንመለስ አማኑኤልን ለቀን ትንሽ እንደሄድን ሚኒባስ ዳር ይዞ ቆሟል። ተሳፋሪው ሣር ላይ ተበትኗል። አያ ደሳለኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በበቅሎ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ በምኞት ይሰግዳሉ። አቆምኩና ወረድኩ።

«ተሰጠን፣ አያ ደሳለኝ!»

«ያለ እኔ?»

«ያለ እርስዎ።»

እጅጌዬን እየሰበሰብኩ ወደ ሹፌሩ ሄድኩ። ሞተሩን ከፍቶ ያየዋል፤ ሞተሩም ያየዋል።

«እኅቴ፣ ወንድ የለም አብሮሽ?» አለኝ።

«አለ» አሉ መሪጌታ ከመኪናዬ መስኮት። «ሁለት አለን። ግን እኛ ምን እናደርግልሃለን?»

ጎንበስ አልኩ። «እስቲ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን እንይ።»

ሹፌሩ በሐዘኔታ አየኝ። «የናፍጣ መኪና ናት እኮ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም።»

ተሳፋሪው ሁሉ ያየኛል። አያ ደሳለኝ ከድንጋያቸው ሆነው ያዩኛል። ጸሐፊው እንኳ አንገታቸውን አውጥተዋል። ቀና ብዬ ወደ መኪናዬ መመለስ እችል ነበር።

«የለውም?» አልኩት ይበልጥ ጎንበስ እያልኩ። «እንግዲያው ያለውን አሳየኝ።»